የወገብ ዲስክ ሞዴል ለታካሚ ስታሳዩ ከየት ትጀምራላችሁ?

ፊዚዮ ከሐዋሳ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው የምሠራው። የሚመጡልን ሰዎች አብዛኞቹ የወገብ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ስፌት ሠራተኞች፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ መምህራን፣ አልፎ አልፎም ከአሞራ ገደል መረብ ሲጎትቱ ወገባቸውን ያመማቸው ዓሣ አጥማጆች።

ክሊኒኩ በቅርቡ ሁለት የአከርካሪ ሞዴል ገዝቷል። አንዱ ትልቅ ነው። አምስቱንም የወገብ አጥንቶች ከዳሌ ጋር ይዟል፤ ቢጫ ነርቮችም ከጎንና ከጎን ይወጡበታል። ሌላው ትንሽ ነው። በአንድ ማቆሚያ ላይ አራት ቁራጭ ተደርድሮበታል፦ ጤነኛ ዲስክ (በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ)፣ ያበጠ ዲስክ፣ ፈንድቶ ወደ ነርቭ የወጣ ዲስክ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዲስኩ አልቆ የአጥንቱ ጠርዝ ሾል ሾል ያለበት።

ጥያቄዬ ስለዚህ ስለ ትንሹ ነው። በቅርቡ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የስፌት ሠራተኛ መጣች። የኤምአርአይ ወረቀቷ ኤል 4 እና ኤል 5 (አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንት) መካከል ያለው ዲስክ መሳሳት ጀምሯል ይላል። ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት የሄደችበት ቦታ ልክ እንደዚህ ያለ ሞዴል አውጥተው የመጨረሻውን ቁራጭ ጠቆሙላትና «ያንቺ ወገብ እዚህ ደርሷል» አሏት። ከዚያ ወዲህ ልጇን አንስታ አታውቅም። ጀሪካን አትነካም። የወደቀ ዕቃ ለማንሳት እንኳ ሰው ትጠራለች። ሥራዋን ልትለቅም እያሰበች ነው።

ስመረምራት የእግሯ ጉልበት ሙሉ ነው። ስሜቱም ደህና ነው። አይዞሽ ስላት በደንብ ታጎነብሳለች። ሕመሙ የእውነት ነው፣ አልክደውም። ግን አስሮ የያዛት ፍርሃቱ ነው።

ሞዴሉን ቆልፌ ማስቀመጥ አልፈልግም። ሰው የራሱን አካል አይቶ የመረዳት መብት አለው። ታዲያ እናንተ ከየት ትጀምራላችሁ? የቱን ቁራጭ ታሳያላችሁ፣ የቱንስ ታልፋላችሁ? ተለማማጅ ተማሪዎችም ስላሉኝ ለእነሱም የሚሆን ምክር ካላችሁ አትንፈጉኝ።


የአናቶሚ መምህር፦

ሰላም እህቴ። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ። ለጤና ተማሪዎች አናቶሚ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ነገሩ ሆዴን ስለሚበላኝ ትንሽ ላርዝም፣ ታገሺኝ።

በትልቁ ጀምሪ። አንቺ ይዘሽ አትጠቁሚላት፤ በእጇ ስጫት። ከላይ እስከ ታች ትዳብሰው። የወገብ አጥንቶች ምን ያህል ወፋፍራም እንደሆኑ በእጇ ትወቀው። የላይኛውን አካል ክብደት ሁሉ ተቀብለው ወደ ዳሌ የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። ከዚያ በመካከላቸው ያሉትን ዲስኮች አሳያት። በመላው አከርካሪያችን 23 ዲስኮች አሉ። የእሷ ወረቀት የሚያወራው ስለ አንዱ ነው። ብዙ ሰው «ዲስክ አለብሽ» ሲባል ጀርባው በሙሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ቀጥሎ ፕላስቲኩ የማያሳየውን ንገሪያት። ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ሞዴሉ ጡንቻ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ጅማትም የለውም። አጥንቶቹ በዘንግ ተሰክተው ስለቆሙ ሲያነሱት ይወዛወዛል። ታካሚው ይህን አይቶ «ለካ ወገቤ እንዲህ በቀላሉ የሚላቀቅ ነገር ነው» ይላል። በሕይወት ያለ ሰው ወገብ ግን ከፊትም ከኋላም በረጃጅም ጅማቶች ታስሯል። ዙሪያውን ደግሞ ወፍራም ጡንቻ ይዞታል። ስለዚህ ሞዴሉን አስቀምጪና እጇን በራሷ ወገብ ላይ አሳርፊላት። ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ጡንቻው ሲወጠር ይሰማት። እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ይህንን ነው፦ ፕላስቲክ ካሳያችሁ ወዲያው የሰውየውን አካል አስነኩት።

አሁን ስለ ዲስኩ። ሁለት ክፍል አለው። የውጭው ከ15 እስከ 25 የሚደርሱ የተደራረቡ ቀለበቶች ያሉት ጠንካራ ክፍል ነው። የአንዱ ንብርብር ክሮች ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ የሚቀጥለው ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላሉ። ሲታጠፍም ሲጠማዘዝም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የመሐሉ ክፍል ለስላሳ ሲሆን በወጣትነት ከ80 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ውኃውን ስበው የሚይዙት ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ ሞለኪውሎች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ እነሱ ይቀንሳሉ፣ ውኃውም አብሮ ይቀንሳል። ዲስኩ ቁመቱ ያጥራል። በኤምአርአይ ነጣ ብሎ ይታይ የነበረው ይጠቁራል። ሸክሙ በከፊል ከኋላ ወዳሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይዞራል። የአጥንቱ ጠርዝም ቀስ በቀስ ይሰፋል። በትንሹ ሞዴል መጨረሻ ላይ ሾል ብሎ የሚታየው እሱ ነው። ሰው ሲያየው የሚወጋው እሾህ ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን አጥንቱ ለተቀየረው ሸክም የሰጠው መልስ ነው።

አራቱን ቁርጥራጮች በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ተናገሪ። በተርታ ስለተቀመጡ ሰው ሁሉ ከአንደኛው ተነስቶ አራተኛው ላይ የሚደርስ ያስመስላሉ። እንዲህ አይደለም። ያበጠ ሁሉ አይፈነዳም። የሳሳ ሁሉ አያምም። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሱ። ዲስኮቻቸው በሙሉ ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕመም የሌላቸውን ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች የመረመሩ ጥናቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ታዩ። በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ መሳሳት ነበረባቸው። ልብ በይ፣ እነዚህ ሁሉ የማያማቸው ሰዎች ናቸው።

ለዚያች ልጅ ይህን በቀላል አማርኛ ንገሪያት። ከአጠገቧ ባለው ማሽን የሚሰፉ፣ ምንም የማያማቸው ጓደኞቿ ዛሬ ኤምአርአይ ቢነሱ ከመካከላቸው የእሷን የመሰለ ወረቀት ይዘው የሚወጡ ይኖራሉ። ሕመምሽ ውሸት ነው ማለት እንዳልሆነ ግን አብረሽ ንገሪያት። ወረቀቱ ብቻውን ስለ ነገዋ አይወስንም ነው ነገሩ።


ባጃጅ ነጂ፦

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የታካሚ ነገር ልናገር ብዬ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሐዋሳ ባጃጅ እነዳለሁ። ከቀኝ መቀመጫዬ ጀምሮ በጭኔ ጎን ወርዶ እስከ እግሬ አውራ ጣት ያቃጥለኝ ነበር። ኮብልስቶን ላይ ስገባ እንባዬ ይመጣ ነበር። «ችግሩ ወገብህ ላይ ነው» ሲሉኝ አላመንኩም። የሚያመኝ እግሬ ነዋ!

ያሳመነችኝ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ሞዴሉን አምጥታ ጣቴን ያዘችና ቢጫው ነርቭ ላይ አስቀመጠችው። ከአጥንቱ ቀዳዳ ሲወጣ፣ በዳሌ በኩል ሲያልፍ በጣቴ ተከተልኩት። ሞዴሉ ሲያልቅ እዚያው ላይ ሳታቆም በራሴ እግር ላይ እስከ አውራ ጣቴ ድረስ አስኬደችኝ። ልክ የሚያመኝ መስመር ነበር። ያኔ ገባኝ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ «የወጣው እንዴት ይመለሳል?» የሚል ነበር። ወጌሻ ጋ ሄጄ ላስገባው ነበር ሐሳቤ። ሞዴሉ ላይ ስታሳየኝ ያ ነገር ከአጥንቱ ጀርባ፣ ነርቮቹ አጠገብ ነው። በእጅ ገፍቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለ ራሴ አየሁ። ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ እየበላ እንደሚያሳንሰው ነገረችኝ። እኔ በወራት ውስጥ ተሻለኝ። እና እህቴ፣ ቁራጮቹን አትደብቂ። ግን «ያንተ እዚህ ደርሷል» ብለሽ አታቁሚ። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ንገሪን። እኛ ማወቅ የምንፈልገው እሱን ነው።


ፊዚዮ ከሐዋሳ (ጠያቂ)፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። ወንድሜ፣ ያንተም ትልቅ ትምህርት ነው። ጣትን በነርቩ ላይ ማስኬዱን ከነገ ጀምሮ አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ፕላስቲክ አይደርቅም፣ አይረጥብም። «ዲስክሽ ውኃ ቀንሷል» ስላት «ታዲያ ብዙ ውኃ ልጠጣ?» አለችኝ። ይህን እንዴት ላሳያት?


ፊዚዮ ከአዳማ፦

ሰላም። እኔ አዳማ ነኝ። በብዛት የማያቸው በጅቡቲ መስመር የሚነዱ የከባድ መኪና ሹፌሮችን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ናቸው።

ለውኃው ጉዳይ ከፍራሽ ስፖንጅ የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭና ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ይበቃሻል። ስፖንጁን አርጥቢና በእንጨቶቹ መካከል ሳህን ላይ አስቀምጪ። ከላይ ሁለት ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ ጫኚበት። ውኃው ይወጣል፣ ስፖንጁም ይሳሳል። ሃይላንዱን ስታነሺ ከሳህኑ ውኃውን መልሶ ይጠጣል። ዲስካችንም ቀን ስንቆምና ስንቀመጥ ትንሽ ውኃ ይለቃል፣ ሌሊት ስንተኛ መልሶ ይስባል። ጠዋት የተለካ ሰው ከማታው ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ሹፌሮቼ ይህን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ምልክት አድርገው ይሞክሩታል፤ ካዩት በኋላ አይረሱትም።

ብዙ ውኃ መጠጣት የሳሳውን ዲስክ አይሞላውም። ችግሩ የሚይዘው ሞለኪውል መቀነሱ ነው። በአዋቂ ሰው ዲስክ መሐል የደም ሥር የለም። ምግቡ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ሰርጎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ «ተነሽ፣ ተቀመጭ፣ ተራመጂ፣ በአንድ ሁኔታ ለረጅም ሰዓት አትቆይ» ነው የምላቸው።

አሁን በትሕትና ከመምህሩ የምለይበትን ልናገር። እኔ የፈነዳውን ቁራጭ በመጀመሪያው ቀን ጭራሽ አላወጣም። ሰውየው እግሩን ካላመመው ምን ያደርግለታል? ከዲስኩ የወጣውን ቀይ ነገር አንዴ ካየ ሌላ የምነግረውን አይሰማም። በቃ ዓይኑ እዚያ ይቀራል። የወገብ ብቻ ሕመም ላለበት ትልቁ ሞዴል፣ ስፖንጁና የራሱ አካል ይበቃሉ።

ሌላው «ሥራዬ ነው ያበላሸኝ» የሚለው ነው። ፊንላንድ ውስጥ አንድ ዓይነት መንትያ ወንድማማቾች ተመርምረው ነበር። አንዱ ከባድ ሥራ ሲሠራ የኖረ፣ ሌላው ቀላል ሥራ ላይ የነበረ። ዲስኮቻቸው ግን በጣም ይመሳሰሉ ነበር። ከሥራው ጫና ይልቅ ከወላጅ የሚወረሰው የበለጠ ክብደት ነበረው። ይህን የምነግራቸው ሥራቸው አያደክምም ለማለት አይደለም። የወንበርና የዕረፍት ጉዳይ መስተካከል አለበት። ግን ልጇን ለማሳደግ ማሽን ላይ የተቀመጠች እናት ወገቧን በገዛ እጇ ያጠፋች መስሏት መኖር የለባትም።

ለተማሪዎችሽ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ሞዴሉ ወደር የለውም። ህብለ ሰረሰር ኤል 1 እና ኤል 2 አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ ፊንጢጣ የሚሄዱ ነርቮች ጥቅል ነው ያለው። ጣታቸውን እዚያ አስገብተው ይዩት። ከዚያ ጠይቂያቸው፦ ትልቅ ዲስክ እዚህ መሐል ላይ ቢወጣ ምን ይሆናል? መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። ሽንት እምቢ ማለት፣ ሰገራ ማምለጥ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሁለቱም እግር መድከም። እንዲህ ያለ ሰው ከመጣ ሞዴል ይቅር፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ጀርባ ላይ ጎበጥ ያለ ነገር ካለም ስለ ዲስክ ማውራት ይቁምና የአከርካሪ ቲቢ ይታሰብ። እኛ አገር ይህ መረሳት የለበትም።


የአናቶሚ መምህር፦

የአዳማው ወንድማችን ስፖንጁ ድንቅ ነው፤ ነገ ክፍል ይዤው እገባለሁ። ስለ ቲቢውም ስለ ሽንቱም ያልከው ይሰመርበት።

በቀዩ፣ በፈነዳው ቁራጭ ላይ ግን ግማሽ በግማሽ ነው የምስማማው። ከዚህ በፊት ላላየው ሰው፣ እሺ፣ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ይህች ልጅ ግን አይታዋለች። ከዚያ የከፋውንም አይታለች። እኛ ብንደብቀው እሷ በጭንቅላቷ ይዛው ነው የምትዞረው። ስለዚህ መውጣት አለበት፤ ግን በስተመጨረሻ። አራቱን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አድርጊና የእሷን ወረቀት አጠገቡ ዘርጊ። ወረቀቱ የሚለው መሳሳት ጀምሯል ነው፤ ከአራተኛው ቁራጭ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ራሷ ታወዳድር።

ለተማሪዎች ደግሞ ይህን አሠሪያቸው። ብዙዎቹ ኤል 4 እና ኤል 5 መካከል ያለው ዲስክ ሲወጣ የሚነካው የኤል 4 ነርቭ ይመስላቸዋል። በትልቁ ሞዴል ላይ በጣታቸው ይከተሉት። የኤል 4 ነርቭ ከዲስኩ በላይ በኩል ቀድሞ ወጥቷል። ዲስኩ እንደተለመደው ወደ ኋላና ወደ ጎን ሲወጣ የሚያገኘው ወደ ታች እየወረደ ያለውን ኤል 5ን ነው። የባጃጁ ወንድማችን መስመር እስከ አውራ ጣት የደረሰው በዚህ ነው። ኤል 5 ሲነካ አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት ይደክማል። አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ኤስ 1 የሚባለው ነርቭ ከተነካ ግን በእግር ጣት መቆም ይከብዳል፣ የቁርጭምጭሚቱ ሪፍሌክስም (ጅማቱ ሲመታ እግሩ በራሱ የሚያደርገው እንቅስቃሴ) ይቀንሳል። መጽሐፍ ላይ ሲያነቡት ይምታታባቸዋል። በጣታቸው ከሄዱበት ግን ይይዙታል።

ሌላም አለ። ነርቩን የሚያሳምመው መጫን ብቻ አይደለም። ከዲስኩ መሐል የሚወጣው ነገር ራሱ ነርቩን ያስቆጣል፣ እብጠት ያመጣል። ትንሽ የወጣ ዲስክ ክፉኛ ሊያም፣ ትልቅ የወጣው ዝም ሊል የሚችለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ፕላስቲኩ ላይ ማየት አይቻልም። በአፍ መነገር አለበት።


ፊዚዮ ከሐዋሳ (ጠያቂ)፦

ትናንት መጣች። ያላችሁትን በቅደም ተከተል አደረግኩ።

ትልቁን ሞዴል ስሰጣት መጀመሪያ መያዝ ፈራች። ከዚያ ዲስኮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች፤ እኔ አልነገርኳትም። ስፖንጁን ከጓደኛዬ አሮጌ ፍራሽ ቆርጬ አምጥቼ ነበር። ሃይላንዱን ራሷ ጫነችው፣ ራሷ አነሳችው፣ ደግማም ጫነችው። «እኔም ማታ ማታ ነው የሚብስብኝ» አለች። ማታ የሚብሰው በውኃው ብቻ እንዳልሆነ፣ የጡንቻ ድካምም እንዳለበት ነገርኳት።

አራቱን ቁርጥራጮች ያወጣሁት መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀቷን አጠገቡ ዘረጋሁ። አራተኛውን አንስታ ብዙ ጊዜ አገላበጠችውና «ታዲያ ለምን ይሄ ነው አሉኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። የእነሱን ምክንያት እኔ ልናገር አልችልም። ወረቀቱ የሚለውን ግን ቃል በቃል አነበብኩላት። ለባጃጁ ወንድማችን ጥያቄም መልስ ሰጠሁ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አብረን ተነጋገርን። ሕመሙ አንዳንድ ሳምንት ሊነሳ፣ አንዳንድ ሳምንት ሊተኛ እንደሚችል፣ ሲነሳ ዲስኩ እንደገና ተበላሸ ማለት እንዳልሆነ።

ከዚያ አምስት ሊትር ጀሪካን ከመሬት አነሳች። ፈራ ተባ እያለች ነበር። ደገመችው። አመመሽ ወይ ስላት «ትንሽ፣ ግን እንደፈራሁት አይደለም» አለች። ለዚህ ሳምንት በዚሁ ክብደት እንድትቀጥል፣ ማሽን ላይም ክር በቀየረች ቁጥር ብድግ እንድትል ተስማምተናል። ከአለቃዋ ጋር ስለ ወንበሯ እንድትነጋገር ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። ረጅም ሰዓት ስትቀመጥ አሁንም ያማታል። ገና ብዙ ይቀረናል።

መምህር፣ ተለማማጆቼን ነርቩን በጣት መከተሉን ላሠራቸው ፈልጌ ነበር። የእኛ ትልቁ ሞዴል ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም አይዳረስም። እናንተ ጋ ይዣቸው ብመጣ ይቻላል?


የአናቶሚ መምህር፦

በደንብ ይቻላል እንጂ። ማክሰኞ ከሰዓት ላቦራቶሪው ነፃ ነው። እኛ ጋ ያሉት ሞዴሎች ዲስካቸው ስለማይወልቅ የእናንተን ትንሹን ይዘሽ ነይ። ስፖንጁንም አትርሺ።